አሮጌ ብር አስመርምሮ ማሸግ፦ ለየትኛው ሳንቲም ያዋጣል?

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ አንድ ቤተሰብ የአያትን ሳጥን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ተመሳሳይ ነው፦ ሁለት ሦስት ጠገራ፣ አልፎ አልፎ አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር፣ ጥቂት የጃንሆይ ዘመን መዳብ። ከዚያ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "ወርቅ ቤት ወስደን በግራም እንሽጠው" ይላል። ሌላው ቴሌግራም ላይ በፕላስቲክ ታሽጎ ቁጥር የተሰጠው ሳንቲም በብዙ ዶላር ሲጠየቅበት አይቷልና "እኛም እናሳሽገው" ይላል። የመጀመሪያው ብርቅ ሳንቲም በብረት ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ሳንቲሙ ከሚያወጣው በላይ ለምርመራ ሊከፍል ይችላል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የምርመራና የደረጃ አገልግሎት ሳንቲምን ውድ አያደርግም። ሥራው በማይተዋወቁ ገዢና ሻጭ መካከል የሚነሱ ሁለት ክርክሮችን መዝጋት ነው፤ "ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?" እና "ምን ያህል አልቋል?" የሚሉትን። ክርክሩ ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ መክፈሉ ተገቢ ነው። ካልሆነ ግን ገንዘቡን ለሚዛንና ለማጉያ መነጽር ማዋል ይሻላል።

አገልግሎቱ በትክክል ምን ይሠራል?

በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቁት ሁለት ድርጅቶች አሜሪካ ያሉት ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እና ኤን.ጂ.ሲ. ናቸው። የመጀመሪያው በ1986፣ ሁለተኛው በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመሠረቱ። አሠራራቸው ይመሳሰላል። ሳንቲሙ ሲደርስ ይመዘገባል፣ አገሩና ዓመቱ ይለያል፣ ከዚያ ከአንድ በላይ መርማሪዎች የባለቤቱን ማንነት ሳያውቁ ለየብቻ ያዩታል። ኦሪጅናል መሆኑ ከታመነበት ደረጃ ይሰጠዋል፤ ቁጥር ባለው ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። ማሸጊያው ሳይሰበር የማይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ማንም አስገብቶ ማጣራት ይችላል፤ ለብዙዎቹ ሳንቲሞች ፎቶም ይገኛል።

ደረጃው ከ1 እስከ 70 ነው። መነሻው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ሰብሳቢ በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለጥንት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ሚዛን ነው። እሱ ቁጥሩን ከዋጋ ጋር አያይዞት ነበር፤ 70 የተባለው ሳንቲም 1 ከተባለው 70 እጥፍ ያወጣል ብሎ። ያ ስሌት ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። ዛሬ ከ60 ጀምሮ ያለው ሁሉ ገበያ ገብቶ ያልተፈተገ፣ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ያለ ማለት ነው፤ ኤም.ኤስ. የሚል ፊደል ይቀድመዋል። ከ50 እስከ 58 ያለው ኤ.ዩ. ጥቂት ብቻ የተነካ ነው። 20 እና 30 አካባቢ ያለው ቪ.ኤፍ. በደንብ የተገበያየ፣ ግን ዋና ዋና መስመሮቹ የሚታዩ ነው።

በ58 እና በ62 መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ፣ ለኪስ ትልቅ ሊሆን ይችላል። የሚታየውም በከፍታ ቦታዎች ላይ ነው። በምኒልክ ብር ላይ ዘውዱን፣ ጉንጩንና ጺሙን ተመልከቱ፤ ሳንቲም ሲገለባበጥና ሲቆጠር መጀመሪያ የሚበሉት እነሱ ናቸው። በጀርባው የአንበሳው ጋማና ዳሌ ይከተላሉ። ብሩን ከአንድ አምፖል ሥር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ብታዘነብሉት፣ ያልተነካ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እየዞረ ይሄዳል። ያ ወዝ ከፍ ባሉት ቦታዎች ላይ ተቋርጦ ደብዛዛ ግራጫ ከታየ ሳንቲሙ ተፈትጓል፤ ሌላው አካሉ የቱንም ያህል ቢያበራ ኤም.ኤስ. አይባልም።

ድርጅቶቹ የማይሠሩትን ማወቅም ያስፈልጋል። ዋጋ አይተምኑም። ሳንቲሙ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተገኘ፣ በሕጋዊ መንገድ ከአገር መውጣት አለመውጣቱን አይመሰክሩም። ደረጃውም ቢሆን የባለሙያ አስተያየት ነው፤ ያው ሳንቲም ከማሸጊያው ወጥቶ እንደገና ቢላክ አንድ ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊመለስ ይችላል። ኦሪጅናል ሆኖ የተበላሸ ሳንቲም ደግሞ የደረጃ ቁጥር አያገኝም። "ዲቴይልስ" የሚል መለያ ተሰጥቶት የተበላሸበት ምክንያት ይጻፍበታል፤ ተፋቀ፣ ተበሳ፣ ተበየደ፣ ተቧጠጠ ተብሎ። እኛ አገር ይህ በጣም ያጋጥማል። ጠገራ ለአንገት ጌጥ ተበስቷል፣ ጆሮ ተበይዶበታል። ቀዳዳው ተደፍኖ ቢለሰልስ እንኳ በማጉያ መነጽር ይታያል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ወደ ውጭ ከመላክ በፊት ግማሹን ሥራ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን (ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት)፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) እና ማግኔት ነው። የወርቅ ቤቱን አሲድ ግን ተዉት። አንድ ጠብታ የማይጠፋ ነጥብ ትታ ሳንቲሙን "ዲቴይልስ" ታደርገዋለች። በድንጋይ ላይ ማሸትም ያው ነው።

ጠገራ፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት ያለው የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 ክፍሉ ንጹሕ ብር ነው፣ ማለትም 23.39 ግራም። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የታተመው የምኒልክ አንድ ብር 28.075 ግራም፣ ጥራቱ 835 ነው። ብዙ የተገበያየ ሳንቲም ግማሽ ግራም ያህል ቢጎድል አያስደንቅም። 24 ግራም ከመዘነ ግን ችግር አለ፤ መጠኑ ትክክል ሆኖ ብረቱ ቀላል፣ ለምሳሌ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ፣ ሊሆን ይችላል።

ክብደቱን ብቻ ያመሳሰለ ፎርጅድ በውሃ ይያዛል። ይህ ምርመራ ርካሽ ነው፣ ሳንቲሙንም አይጎዳም፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ውሃ ጨምራችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር አስራችሁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም አውርዱት፤ የኩባያውን ታችና ጎን ግን አይንካ። ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። ለትክክለኛ ጠገራ ወይም ለምኒልክ ብር 2.75 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉት ወደ 10.2 ይመጣል። ክብደቱ 28 ሆኖ ውሃው 3.15 ካሳየ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ 3.3 ካሳየ ናስ ሊሆን ይችላል፤ 2.5 ገደማ ካሳየ እርሳስ ውስጡ አለ።

የሚሳሳተው የት ነው? ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀች የአየር አረፋ ውሃ ትገፋለችና ቁጥሩን ከፍ ታደርጋለች፤ ደህናውን ብር ፎርጅድ ታስመስላለች። ክሩን ነቅነቅ አድርጋችሁ አረፋውን አራግፉ። ክሩ ጥጥ ከሆነ ውሃ ይመጥጣል። ጆሮ የተበየደበት ብር ላይ ምርመራው አይሠራም፤ ብየዳው ሌላ ብረት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ መለካትም አይቅር፤ የ0.02 ግራም ልዩነት ብቻ ውጤቱን ከ10.2 ወደ 10.1 ያወርደዋል።

ማግኔት ሌላ ወጥመድ አለው። ብር ማግኔት አይይዘውምና "ማግኔት ከያዘው ፎርጅድ ነው" የሚለው ደንብ ለጠገራ ይሠራል። በ1923 ዓ.ም. የወጡት የ10፣ የ25 እና የ50 ማቶና ሳንቲሞች ግን ኒኬል ናቸው፤ ማግኔት ይይዛቸዋል፣ ሊይዛቸውም ይገባል። በዚህ ምክንያት ደህና ማቶና "ቆርቆሮ ነው" ተብሎ እንዳይጣል።

ከብረቱ በኋላ ዓይን ይቀጥላል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ፎርጅድ በማጉያው ሲታይ ቆዳው ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፣ መስመሮቹ እንደ ሳሙና ክብ ክብ ናቸው፣ ጠርዙ ላይ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ስፌት ወይም ስፌቱ የተሞረደበት ምልክት ይታያል። የጠገራ ጠርዝ ላይ በላቲን "ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ" የሚል ከፍ ያለ ጽሑፍ አለ፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። አስመሳዮች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት እዚህ ጠርዝ ላይ ነው፤ ፊደሎቹ ይጠፋሉ ወይም ወደ ውስጥ የተቆፈሩ ሆነው ይመጣሉ።

በምኒልክ ብር ላይ ደግሞ የእኛ አንባቢ ከፈረንጁ መርማሪ የማያንስ ዓይን አለው። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ነው፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭። ፊደል የማያነብ አስመሳይ የ፯ እና የ፱ን ጭራ ያደባልቃል፣ የፊደል እግር ይቆርጣል። በቀደሙትና በኋለኞቹ ዓመታት ብሮች መካከል አንበሳው የሚያነሳው የፊት እግርም ይለያያል። ስለዚህ የያዛችሁትን ብር ከሌላ ዓመት ፎቶ ጋር ሳይሆን ከዚያው ዓመት የተረጋገጠ ፎቶ ጋር አስተያዩት።

የቤት ምርመራ የሚያቆምበት ድንበር አለ፤ ባለሙያው የሚያስፈልገውም እዚያ ነው። ያለቀ ጠገራ አቅልጦ ከዚያው ብር የምኒልክን የሠራ አስመሳይ በሚዛንም በውሃም ያልፋል። በኤክስሬይ ብረት የሚያነብ መሣሪያም እንዲህ ዓይነቱን አይይዘውም፤ የሚያነበውም የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው። ይህን የሚለየው ማተሚያ ቤቱ የተጠቀመባቸውን ቅርጾች አንድ በአንድ የሚያውቅ፣ ከዚያው ዓመት ብዙ ኦሪጅናሎችን ያየ ሰው ነው። ለድርጅቶቹ የሚከፈለው ገንዘብ በመሠረቱ ለዚህ ዕውቀት ነው።

አታጽዱት

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያጠፋው ስህተት ይህ ነው። ቤተሰቡ ብሩን "ለገዢ እንዲያምር" በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና ያሸዋል። ብሩ ያበራል። ግን ማተሚያው በጫነው ጊዜ ቆዳው ላይ የቀሩት ዓይን የማያያቸው መስመሮች ናቸው ወዙን የሚሰጡት፤ ማሸት እነሱን ይበላል፣ በምትካቸው በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ይተዋል። መርማሪ በአምፖል ሥር አንድ ጊዜ ሲያዘነብለው ያያቸዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ነገር የለም። በዕድሜ የመጣው ጥቁረት ግን ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሰብሳቢዎች ያልተነካ ለመሆኑ ምልክት አድርገው ይፈልጉታል።

አፈር ብቻ ከሆነ የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ሳያሹ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ ይበቃል። ባትሪ ቤት የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያው ጎን ለጎን አሲድም ስለሚሸጥ ጠርሙሱን በደንብ አረጋግጡ። ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ሳንቲም ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ከታየ ፕላስቲኩ የለቀቀው ነው። እሱ በንጹሕ አሴቶን ይለቃል፤ ሽቶና ቅባት በተጨመረበት የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ግን አይሞከር። መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ።

ማስቀመጫውም ይታሰብበት። ጋዜጣ፣ የላስቲክ ቀለበትና ሱፍ ብርን ያጠቁራሉ። ክረምት ላይ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብሮ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሳንቲም ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዝ።

ታዲያ የቱ ይላክ?

ተራ ጠገራ አይላክ። 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ሳይቀር ሲታተም ኖሯል፤ ቁጥሩም በመቶ ሚሊዮኖች ነው። ያለቀና የተበሳ ጠገራ ዋጋው በአብዛኛው በውስጡ ያለው 23 ግራም ብር ነው። የምርመራው ዝቅተኛ ክፍያ በአሥሮች ዶላር ይቆጠራል፣ መላኪያና ኢንሹራንስ ሲጨመር የብሩን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ልዩ የሚሆነው እቴጌይቱ ማሪያ ቴሬዛ በሕይወት ሳለች ወይም ከሞተች ብዙም ሳይቆይ የታተመው ነው። እሱ የሚለየው በጥቃቅን የቅርጽ ልዩነት ስለሆነ መጀመሪያ ጥሩ ፎቶ አንስታችሁ የሚያውቅ ሰው አሳዩ።

የምኒልክ ብር ግን ይታሰብበታል። ያለቀ ከሆነ ቤት ውስጥ መርምሮ ማስቀመጥ ይበቃል። ዘውዱና ጋማው ሹል ሆነው፣ ወዙ እየዞረ፣ ማንም ሳያሸው የቆየ ከሆነ ግን ለምርመራ የሚገባው እሱ ነው። ሰው ጠገራን ለምዶ ስለነበር የምኒልክን ገንዘብ ገበያው ቶሎ አልተቀበለውም፤ ጥሩ ሆኖ የቆየ ሲገኝ ገዢው ስለ ደረጃው አብዝቶ ይከራከራል፤ ክርክሩን የሚዘጋ ወረቀት ደግሞ ገንዘብ አለው። የምኒልክ ወርቅ ከሆነ ያለ ምርመራ ለማንም አትሽጡ፣ ከማንም አትግዙ።

በ1958 ዓ.ም. የተሠሩት የጃንሆይ የወርቅ ሳንቲሞች 4፣ 8፣ 20፣ 40 እና 80 ግራም ናቸው፤ ጥራታቸው 900። ዋጋቸው በዋናነት ወርቁ ነውና የውሃው ምርመራ ብዙ ይነግራችኋል፦ 80 ግራሙ ወደ 4.65 ግራም ውሃ መግፋት አለበት። የጃንሆይ ዘመን የመዳብ ሳንቲሞች፣ 1936 የሚል ዓመት ይዘው ለአሥርተ ዓመታት የታተሙት፣ እንዲሁም የደርግ 1969ኞቹ በአብዛኛው ክፍያውን አይሸከሙም። ከነሱ አንዱ ብቻ ይታይ፦ ክብ የሆነው የ1936 ሃያ አምስት ሳንቲም። ከ50 ሳንቲሙ ጋር ስለሚምታታ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ በተቆረጠው ተተካ፤ ክቡ ስለዚህ ብርቅ ነው። አበባውን ሞርዶ ክብ ያደረገ ሰው ካለ ስፋቱ ያጋልጠዋል፤ ከተቆረጠው ሰፊ ቦታ ጋር በካሊፐር አወዳድሩ።

"የድሮ 1 ሳንቲም በሚሊዮን እንገዛለን፣ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ክፍያ ላኩ" የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ደግሞ፣ ገዢ ከሻጭ ክፍያ አይጠይቅምና አትላኩ።

የታሸገ ሳንቲም ስትገዙ

ማሸጊያውም ይመሰላል። ፎርጅድ ሳንቲም በፎርጅድ ፕላስቲክ፣ ከእውነተኛ ሳንቲም በተቀዳ ቁጥር ይሸጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ መገኘቱ ብቻ አይበቃም። ፎቶውን ክፈቱና የያዛችሁትን ሳንቲም ጭረቶች፣ የጥቁረቱን ቅርጽና ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስተያዩ። ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ጭረት አይኖራቸውም። ፎቶ ከሌለው፣ ወይም ሻጩ "ቁጥሩን በኋላ እልካለሁ" ካለ፣ ገንዘቡ ከኪሳችሁ አይውጣ። የፕላስቲኩ ስፌት የተሰነጠቀ ወይም ማጣበቂያ ያለበት ከሆነም ተዉት።

ከአገር ከመውጣቱ በፊት

ድርጅቶቹ ሳንቲም የሚቀበሉት በአብዛኛው ከአባሎቻቸው ወይም ከተፈቀደላቸው ነጋዴዎች ነው። ስለዚህ ከዚህ የሚልክ ሰው ውጭ የሚኖር ዘመድ ወይም ነጋዴ ያስፈልገዋል። የተገለጸው ዋጋ በእውነት ይጻፍ፤ ቢጠፋ የሚካሰው የጻፋችሁት ብቻ ነው፣ የምርመራ ክፍያውም ከዋጋው ጋር ይጨምራል። ፎቶውን በሁለቱም ፊትና በጠርዙ፣ ክብደቱን እስከ ሁለት ነጥብ ድረስ መዝግባችሁ ያዙ።

ከዚህ ሁሉ ግን ሕጉ ይቀድማል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሳንቲሙ ቅርስ የሚባል መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነውና፣ ፖስታ ቤት ወይም ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይጠየቅ፤ ጉምሩክም ያንን ወረቀት ይፈልጋል። የአክሱም ሳንቲም ከሆነ፣ ትንሽ ወርቅ ወይም የዛገ መዳብ የንጉሥ ፊትና ጨረቃ ወይም መስቀል ያለበት፣ ጥያቄው ከሽያጭና ከደረጃ ወጥቷል። እርሻ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፈር የወጣ ከሆነ ሳያጥቡት፣ ከወጣበት አፈር ጋር፣ የተገኘበትን ቦታ መዝግቦ ለባለሥልጣኑ ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ነው። ከአፈሩ ተነጥሎ ከታጠበ ከየትኛው ሕንፃ፣ ከየትኛው ዘመን ጋር እንደነበር የሚነግረው ማስረጃ ይጠፋል፤ ያንን የትኛውም መርማሪ በቁጥር አይመልሰውም።